እግዚአብሔርን መፍራትና በፈቃድ መሥዋዕት መሆን፦ ክርስትና ምን ያዛል፣ ምንስ ይከለክላል?

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የኬንያ ፖሊስ በኪሊፊ ግዛት ሻካሆላ በሚባል ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብሮችን መቆፈር ጀመረ። ቁፋሮው ወራት ፈጅቶ ከ400 በላይ አስከሬን ወጣ። የሟቾቹ ሰባኪ ፖል ማኬንዚ ተከታዮቹን «እስክትሞቱ ጹሙ፤ ኢየሱስን ታገኙታላችሁ» ብሎ ገፋፍቷል ተብሎ ተከሷል፤ እሱ ግን ክሱን ክዷል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት አስተያየት በብዛት ይሰማል። አንደኛው «ሃይማኖት ሲጠብቅ መጨረሻው ይኸው ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ድርጊቱን እያወገዘም ቢሆን «መቼም እምነታቸው የጠነከረ ነበር» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የክርስትና አምላክ ሰውን በፍርሃት አንቀጥቅጦ ነፍሱን የሚያስረክብ አምላክ ነው ብለው ይነሣሉ። መጻሕፍቱና የጥንት ቀኖናዎች ግን ለዚህ ጉዳይ በጣም ዝርዝር የሆነ መልስ አላቸው፤ አንዳንዱ መልስ ብዙ አማኝም ያልሰማው ነው።

«እግዚአብሔርን ፍራ» ሲባል የምን ፍርሃት ነው?

መነሻው ደብረ ሲና ነው። በኦሪት ዘፀአት 19 እና 20 ላይ ተራራው ይጤሳል፣ ነጎድጓዱ ይሰማል፣ ሕዝቡ ርቆ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። «አንተ ተናገረን እንጂ እግዚአብሔር አይናገረን፤ እንሞታለን» ብለው ሙሴን ለመኑት። የሙሴ መልስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገር ይዟል፦ አትፍሩ ይላቸዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ እግዚአብሔር የመጣው ኃጢአት እንዳትሠሩ እርሱን መፍራት በፊታችሁ እንዲሆን ነው ይላል (20፥20)። አንዱን ፍርሃት ከልክሎ ሌላውን ያዛል ማለት ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ለመነኮሳት ሥርዓት ሲጽፍ ሰው እግዚአብሔርን የሚታዘዝበትን ምክንያት በሦስት ከፍሎታል። ባሪያ ቅጣትን ፈርቶ ይታዘዛል። ቅጥረኛ ደመወዙን አስቦ ይታዘዛል። ልጅ ግን አባቱን ስለሚወድ ይታዘዛል። የመጀመሪያው ጀማሪን ከክፉ ስለሚመልስ አይናቅም፤ ሆኖም መድረሻ አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስ ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ሲል (1ኛ ዮሐ. 4፥18) ምክንያቱንም እዚያው ይሰጣል፦ ፍርሃት ቅጣት አለበትና። ተጥሎ የሚወጣው ይህ የቅጣት ፍርሃት ነው።

የሚቀረው የልጅ ፍርሃት ምን ይመስላል? አራስ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የታቀፈ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። ሕፃኑ ምን ያደርገኛል ብሎ የሚሰጋ የለም፤ የሚሰጋው በገዛ እጁ ነው። መምህራን «ፈሪሃ እግዚአብሔር» የሚሉት ከዚህ ዓይነቱ ጋር ይቀራረባል፦ ክቡር የሆነውን ነገር እንዳላበላሽ የሚል ጥንቃቄ።

ታዲያ ዖዛ ለምን ተቀሠፈ?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ታሪኩን ላይ ላዩን ላነበበው ሰው ግፍ ይመስላል። በ2ኛ ሳሙኤል 6 ዳዊት ታቦቱን በአዲስ ሠረገላ ጭኖ ሲያመጣ በሬዎቹ ይፋንናሉ፤ ዖዛ ታቦቱ እንዳይወድቅ እጁን ዘርግቶ ያዘውና እዚያው ሞተ።

ስሕተቱ የተጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ ጭነቱ ላይ ነው። ኦሪት ዘኍልቍ 7 እንደሚለው ለድንኳኑ ዕቃ ማጓጓዣ 6 ሠረገላዎች ቀርበው ነበር፤ 2ቱ ለጌድሶን ልጆች፣ 4ቱ ለሜራሪ ልጆች፣ ማለትም ለሁለቱ የሌዋውያን ወገኖች ተሰጡ። ለሦስተኛው ወገን ለቀዓት ልጆች ግን አንድም አልተሰጠም፤ ንዋየ ቅድሳቱን የሚሸከሙት በትከሻቸው ነውና። እንዳይነኩትም በምዕራፍ 4 ቁጥር 15 ላይ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። በሠረገላ መጫን የፍልስጥኤማውያን አሠራር ነበር (1ኛ ሳሙ. 6)። ዳዊት ራሱ በኋላ ሌዋውያኑን ሰብስቦ ጥፋቱን አምኗል፦ እንደ ሥርዓቱ አልፈለግነውም ይላል (1ኛ ዜና 15፥13)። ያው ታቦት በመካከሉ በአቢዳራ ቤት 3 ወር ተቀምጦ ቤተሰቡ ሁሉ ተባርኳል። ስለዚህ ታሪኩ የሚናገረው ከቅርበት ጋር ስለሚመጣ ሥርዓት ነው። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ካህን ብቻ የሚሸከመው፣ ሕዝቡም ምንጣፍ እያነጠፈ ርቀቱን ጠብቆ የሚሄደው በዚሁ መንፈስ ነው፤ ደግሞም እልልታው አይጎድልም። በፍርሃት የደነዘዘ ሰው እልል አይልም።

የኦሪት መሥዋዕት ግዴታ ነበር ወይስ ፈቃድ?

ሁለቱም ነበረበት። ኦሪት ዘሌዋውያን ከምዕራፍ 1 እስከ 5 አምስት ዓይነት መሥዋዕት ይዘረዝራል፦ የሚቃጠል፣ የእህል ቍርባን፣ የደኅንነት፣ የኃጢአት እና የበደል። የኃጢአቱና የበደሉ ሰው ሲያጠፋ የሚጠየቃቸው ናቸው። እዚያም ቢሆን ተመኑ እንደ አቅም ይወርዳል፦ በግ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች፣ ያንንም ያልቻለ የኢፍ መስፈሪያ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ወደ 2 ሊትር ገደማ ዱቄት። ድሀው ቤቱን ሸጦ ያምጣ የሚል ቃል የለም።

ከግዴታው ውጭ ደግሞ «በፈቃድ» የሚባል ስጦታ አለ። ሕጉ ለዚህ ምን ያህል ቦታ እንደሰጠው የሚያሳይ አንድ ድንጋጌ በ22፥23 ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ታልፎ ይነበባል። አንድ እግሩ የረዘመ ወይም ያጠረ በሬ ወይም በግ ለስእለት አይቀበሉትም፤ በፈቃድ ለሚሰጥ ግን ይቻላል። ሰው ቃል ገብቶ ያሰረውን ነገር አሟልቶ ማምጣት አለበት፤ ከልቡ ተነሥቶ ባመጣው ላይ ግን ዳኝነቱ ይላላል።

ድንኳኑ ሲሠራም ሙሴ ያለው «ልቡ የፈቀደ ሁሉ ያምጣ» ነው። ሕዝቡ ወርቁን፣ ነሐሱን፣ በፍታውን ማለዳ ማለዳ እያመጣ ሠራተኞቹ «ከሚያስፈልገው በላይ ሆነ» አሉ፤ ሙሴም ከእንግዲህ ማንም እንዳያመጣ በሰፈሩ አሳወጀ (ዘፀ. 36፥5–7)። «በቃ» የሚል የስጦታ ሰብሳቢ ዛሬም ቢገኝ መልካም ነበር።

አብርሃም ልጁን ሊሠዋ አልነበረምን?

የሻካሆላ ዓይነት ነገር ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሰው ዘፍጥረት 22 ነው። ታሪኩ ፍርሃትንና መሥዋዕትን አንድ ቦታ ያገናኛል፦ መልአኩ አብርሃምን እግዚአብሔርን የምትፈራ እንደ ሆንህ አሁን አወቅሁ ይለዋል። ይህ የተነገረበት ሰዓት ግን መታየት አለበት፤ ቃሉ የመጣው ቢላዋው ሲታገድ ነው። «እጅህን በብላቴናው ላይ አትዘርጋ» ከሚለው ትእዛዝ ጋር አንድ ላይ ነው የተነገረው። በግም የቀረበው ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕግ የማያሻማ ነው። ዘሌዋውያን 18፥21 እና ዘዳግም 12፥31 ልጅን መሠዋትን ይከለክላሉ። በኤርምያስ 7፥31 ደግሞ ልጆቻቸውን በእሳት ያቃጠሉትን ሲወቅስ እግዚአብሔር እኔ ያላዘዝሁትን፣ በልቤም ያላሰብሁትን ይላል። አብርሃምን ምሳሌ አድርጎ ልጁን የሚጎዳ ሰው ታሪኩን ቁጥር 10 ላይ ዘግቶታል፤ ቁጥር 11 እና 12ን አላነበበም።

ክርስቶስ ተገዶ ነው ወይስ ወዶ?

ክርስቲያኖች በሙሉ የሚስማሙበት መልስ፣ ወዶ ነው የሚል ነው። በዮሐንስ 10፥18 ስለ ነፍሱ ሲናገር «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ይላል። በተያዘባት ሌሊት ሰይፍ ለመዘዘው ደቀ መዝሙር ከ12 ሌጌዎን የሚበልጡ መላእክት ማስመጣት እንደሚችል ነግሮታል (ማቴ. 26፥53)፤ አንድ የሮም ሌጌዎን ከ5,000 እስከ 6,000 ወታደር ነበረውና ቁጥሩ ከ60,000 በላይ ይሆናል። ማምለጥ ሲቻል መቅረት ነው ፈቃድ የሚባለው።

ይሁንና ጭንቀቱ የይስሙላ አልነበረም። በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ፤ ቢቻል ጽዋው እንዲያልፍ ጸለየ። ዕብራውያን 5፥7 ይህን ጸሎት ሲያነሣ በብርቱ ጩኸትና በእንባ ማቅረቡን፣ እግዚአብሔርንም ስለ መፍራቱ እንደ ተሰማለት ይናገራል። ስለዚህ ወዶ የሚሠዋ ሰው ሞትን የማይፈራ ሰው ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ፍርሃቱ አለ፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ግን ፈቃዱ ነው።

ይህ ቃል በቅዳሴ ውስጥ ይነገራል። በቅዳሴ ሐዋርያት ካህኑ ኅብስቱን ከመባረኩ በፊት ክርስቶስ ሞትን ይሽር ዘንድ፣ የሰይጣንንም ማሠሪያ ይበጥስ ዘንድ በፈቃዱ ለሕማም እንደ ተሰጠ ያነባል። የዚህ ጸሎት መሠረት በ3ኛው መቶ ዓመት ተዘጋጀ ተብሎ በሚታመነው የሐዋርያት ትውፊት በተባለው የሥርዓት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

«ታዲያ አብ የልጁን ደም ለምን ፈለገ?» የሚለው ላይ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ዓይነት አይናገሩም። በ4ኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በፋሲካ ስብከቱ ደሙ ለማን ተከፈለ ብሎ ጠይቆ ነበር። ለሰይጣን ማለት ነውር ነው፤ ሽፍታ ዋጋ አይከፈለውም አለ። አብ ደም ጠምቶት ነው ማለትንም አልተቀበለም፤ ይስሐቅን እንኳ ከአባቱ እጅ አልተቀበለም፣ በበግ ለወጠው እንጂ ብሎ ሞገተ። በምዕራብ ደግሞ የካንተርበሪው አንሰልም በ1098 (እ.ኤ.አ.) በጨረሰው ሥራው ነገሩን በኃጢአት የተነካ የእግዚአብሔርን ክብር ስለ መካስ አድርጎ አብራራ፤ ከተሐድሶ በኋላ ፕሮቴስታንቶች በእኛ ፈንታ ቅጣትን መቀበል ወደሚለው አገላለጽ አዘነበሉ። በማብራሪያቸው ይለያዩ እንጂ ልጁ ተጎትቶ ቀረበ የሚል ከመካከላቸው የለም።

«ለእግዚአብሔር ብዬ» ራስን መጉዳት ይፈቀዳል?

ይህን ቤተ ክርስቲያን ገና በማለዳው ዘግታዋለች። በ325 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ከደነገጋቸው ቀኖናዎች የመጀመሪያው ራስን ስለ መስለብ ነው። በሐኪም እጅ በሕመም ምክንያት ወይም በጠላት ተገድዶ የተሰለበ በክህነቱ ይቀጥላል፤ ጤነኛ ሆኖ ራሱን የሰለበ ግን ከክህነት ይሻራል። የጉባኤውን ስም ሁሉም ያውቃል፤ ይህች ቀኖና ግን እምብዛም አትጠቀስም።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ በጋንግራ (በዛሬዋ ቱርክ) የተሰበሰቡ ጳጳሳት በብሕትውና ስም ከልክ ያለፉ ሰዎችን አውግዘዋል። 15ኛው ቀኖናቸው ልጆቹን ሳያሳድግ ትቶ ለብሕትውና ነው የሚለውን ወላጅ ያወግዛል። 18ኛው ብሕትውና ነው ብሎ እሑድን የሚጾመውን ያወግዛል።

ጾምም ድንበር አለው። በሐዋርያት ስም ከሚጠሩት ጥንታዊ ቀኖናዎች 69ኛው ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን መጾምን ያዝዝና «በሥጋ ድካም ካልተከለከለ በቀር» ይላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልማድ ልጆች ጾም የሚጀምሩት በ7 ዓመት ነው፤ ታማሚ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው ይቀልላቸዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ቢሆንም በየቀኑ ይፈታል፤ ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ከውኃ አይጾምባቸውም፤ ከዚህ የምትለየው ቀዳም ሥዑር ብቻ ናት። ረጅሙ እህል ያለመቅመስ ጊዜ አክፍሎት ነው፤ ከስቅለት እስከ ትንሣኤ ሌሊት ይዘልቃል፤ እሱም ለሚችል ሰው ነው። ለመቁረብ የሚጠበቀው 18 ሰዓት ነው።

ሻካሆላን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከጫካው የወጡ ሰዎች እንደተናገሩት ቅደም ተከተሉ ሕፃናት መጀመሪያ፣ ከዚያ ሴቶች፣ ከዚያ ወንዶች የሚል ነበር። ቀኖናው መጀመሪያ ነጻ የሚያወጣቸውን እዚያ መጀመሪያ አስራቧቸው ማለት ነው። የመንግሥት የአስከሬን ምርመራም አብዛኞቹ በረኃብ ቢሞቱም ታንቀው ወይም ተደብድበው የሞቱ፣ ከእነሱም ውስጥ ሕፃናት እንዳሉ አሳይቷል። የሦስት ዓመት ልጅ «ፈቅዶ» አይጾምም፤ በታነቀ ሰው ላይም ስለ ፈቃድ ማውራት አይቻልም።

ሰማዕታትስ ሞታቸውን አልፈለጉም?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን በአንዲቱ ከተማ ሲያሳድዱአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏል (ማቴ. 10፥23)። የቀደሙት ክርስቲያኖች ይህን እንደ ፍርሃት ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ነው የያዙት።

የሰምርኔስ (የዛሬዋ ኢዝሚር) ጳጳስ ፖሊካርፐስ በ2ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ሲፈለግ መጀመሪያ ከከተማው ወጥቶ በአንድ እርሻ ቤት ተቀመጠ፣ ቀጥሎም ወደ ሌላ ተዛወረ። ሲደርሱበት ግን አልሸሸም፤ ለወታደሮቹ ማዕድ አስቀረበላቸውና የአንድ ሰዓት ጸሎት ለመነ፤ ሁለት ሰዓት ቆሞ ጸለየ። ክርስቶስን ካድ ሲባል 86 ዓመት እንዳገለገለው፣ አንዳች እንዳልበደለው መልሶ ሞተ። ያው የሰማዕትነት መዝገብ ኵዊንቶስ ስለሚባል ከፍርግያ ስለመጣ ሰውም ይነግረናል። እሱ ራሱም ቀረበ፣ ሌሎችንም እንዲቀርቡ ገፋፋ። አራዊቱን ሲያይ ግን ፈራ፤ ለጣዖት ሠዋ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን አናመሰግንም፣ ወንጌል እንዲህ አያስተምርምና ብለው ይደመድማሉ።

የካርታጎው ቆጵርያኖስ በ250 (እ.ኤ.አ.) በሮማዊው ንጉሥ በዳኬዎስ ስደት ተሸሽጎ ከመሸሸጊያው ሆኖ ምእመናኑን በደብዳቤ መራ፤ በ258 ሲያዝ ደግሞ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። በሰሜን አፍሪካ ሰማዕት ለመባል ሲሉ ከገደል የሚወረወሩ ሰዎች በተነሡ ጊዜ አውግስጢኖስ አጥብቆ ተቃውሟቸዋል። ሰይጣን ኢየሱስን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው የጠቀሰውም መዝሙረ ዳዊትን እንደነበር ልብ ይሏል።

በእኛ አገር አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ለፋሺስት እንዲገዙ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገድለዋል። ሞቱን የወሰነው ገዳያቸው ነው፤ እሳቸው የወሰኑት ቃላቸውን ነው። ሰማዕትነትን ራስን ከማጥፋት የሚለየው ይህ ነው፤ ሰማዕቱ እንዲሞት የሚፈልገው አሳዳጁ እንጂ መምህሩ አይደለም።

ገንዘብና ስእለትስ? «ካላደረስሁ ይቀሥፈኛል» የሚለው ፍርሃት ልክ ነው?

ለስጦታ ሰውን ሲያስፈራሩ አዘውትረው የሚጠቅሱት ሐናንያንና ሰጲራን ነው (የሐዋ. 5)። ሁለቱ መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፍለው ካስቀሩ በኋላ «ሁሉንም አመጣን» አሉና ሞቱ፤ በሰሙት ሁሉ ላይም ታላቅ ፍርሃት ሆነ። ጴጥሮስ ግን ምን አለ? «ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን? ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን?» መሬቱን አለመሸጥም፣ ግማሹን ብቻ መስጠትም ይችል ነበር። የተቀጣው በውሸቱ ነው። ጳውሎስም ቆሮንቶሳውያንን ገንዘብ ሲያሰባስብ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ብሏል (2ኛ ቆሮ. 9፥7)።

ስእለት ከዚህ ይለያል፤ ቃል ነውና ያስራል። ዘዳግም 23 የተሳልኸውን ለመክፈል አትዘግይ ይልና ባትሳል ግን ኃጢአት የለብህም ብሎ ይጨምራል። መክብብ 5፥5 ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ይላል። እንግዲህ በጭንቅ ሰዓት፣ ልጅ ታሞ ወይም የጉዞ ወረቀት ዘግይቶ፣ ከአቅም በላይ የተሳለ ሰው ምን ያድርግ?

መጽሐፉ መውጫ አለው። ዘሌዋውያን 27 ሰውን ለተሳለ ሰው ተመን ያወጣል፦ ከ20 እስከ 60 ዓመት ለሆነ ወንድ 50 ሰቅል ብር፣ ለሴት 30፣ ከአንድ ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነ ወንድ ልጅ 5 ሰቅል። ቁጥር 8 ላይ ደግሞ ለተመኑ ያነሰው ድሀ በካህኑ ፊት ይቁም፣ ካህኑም እንደ ተሳዩ አቅም ይገምተው ይላል። የአይሁድ መምህራን የእስራኤልን መስፍን ዮፍታሔን ልጁን በስእለት ያጣው ይህ መንገድ እያለለት ነው ብለው ወቅሰውታል። ዘኍልቍ 30 ደግሞ በአባቷ ቤት ያለች ልጅ ወይም ባለትዳር ሴት የተሳለችው ስእለት አባት ወይም ባል በሰማበት ቀን ካልፈቀደው እንደሚቀር፣ እግዚአብሔርም ይቅር እንደሚላት ይደነግጋል። ኢየሱስም በማርቆስ 7 ለወላጆቹ የሚገባውን «ቍርባን ነው» ብሎ የሚከለክለውን ሰው ነቅፏል፤ ለእናት መድኃኒት የተቀመጠ ብር ለስእለት አይውልም።

በተግባር፣ ከአቅሙ በላይ የተሳለ ሰው ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን እንደ ተሳለ፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደ ተሳለ፣ አሁን እጁ ላይ ምን እንዳለ። ካህኑ ጊዜ ሊያራዝምለት፣ መጠኑን ሊያሳንስለት ወይም ዓይነቱን ሊለውጥለት ይችላል፤ የወርቅ ጥላ የተሳለ ሰው ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ አስገብቶ ሊያበቃ ይችላል። ባሕር ማዶ ያለችና ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ መድረስ ያልቻለች ሴትም ስእለቷን በዘመድ እጅ ልካ ታስገባለች፤ ደረሰኙን ማስቆረጥ አይረሳ። ካህን ያላማከረ፣ ግን በየሌሊቱ በቅዠት የሚባንን ሰው ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህ የግማሽ ሰዓት ንግግር ነው።